በየትኛው ሰዓት ሰው ያስፈልጋታል?

የወላጅ እርጅና በቤተሰብ መካከል ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ መጦሪያው ሕንፃ ይሄዳል። ክፍሉ ፀሐይ ያገኛል ወይ? ሊፍቱ ይሠራል ወይ? ግቢው ሰፊ ነው ወይ? ስለ እማዬ መነጋገር በጀመርን ሰሞን ወንድሜ የሚልክልኝ ፎቶ ሁሉ የእንግዳ መቀበያ ነበር፤ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ማንም ተቀምጦበት የማያውቅ የሚመስል ሶፋ፣ ጠረጴዛ ላይ የአበባ ማስቀመጫ። ሩቅ አገር ስለሚኖር ከስልኩ ሌላ ማያ የለውም፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን እማዬ ሌሊት ስትነሳ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ አያለሁ። ቀን ሊጠይቃት የመጣ ሰው በሩን የምትከፍትለት ራሷ ናት። ትጫወታለች፣ ትስቃለች፣ የሰውን ልጆች ስም አንድ በአንድ እየጠራች ደህንነታቸውን ትጠይቃለች። እንግዳውም ሲወጣ በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትሽ እኮ ምንም አልሆኑም!» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እሱ በመጣበት ሰዓት ምንም አልሆነችም።

ስለዚህ ሕንፃውን ለጊዜው ትቼ ሰዓቱን ያዝኩ። አንድ ወረቀት ላይ ቀኑን ከንጋት እስከ ንጋት ዘርግቼ፣ በየትኛው ሰዓት አጠገቧ ሰው መኖር እንዳለበት ለመጻፍ ሞከርኩ። ይህን ሳደርግ የረዱኝ ባለሙያዎቹ ለዓመታት ሲሠሩባቸው የኖሩ ሁለት ዝርዝሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲድኒ ካትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ የተኙ አረጋውያንን ሲከታተል ስድስት ነገሮችን ለየ፦ ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። የዝርዝሩ ቁም ነገር ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ቀድሞ የሚያስቸግረው መታጠብ ነው፤ እስከ መጨረሻው የሚቆየው መብላት ነው። ሁለተኛውን ዝርዝር አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ፓወል ሎውተንና ኢሌን ብሮዲ በ1969 አወጡት። እሱ ደግሞ ስልክ መጠቀምን፣ ገበያ መውጣትን፣ ምግብ ማሰናዳትን፣ ቤት ማጽዳትን፣ ልብስ ማጠብን፣ ትራንስፖርት መጠቀምን፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድንና ገንዘብ መያዝን ይመለከታል። እነዚህ የበለጠ ሐሳብና እቅድ ስለሚጠይቁ ብዙውን ጊዜ ከስድስቱ ቀድመው ይላላሉ።

ዝርዝሩን ይዞ ቤት ውስጥ መዞር ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁትን ሰው እንደ አዲስ ማየት ነው። እማዬ የሳምንቱን ሰባት ቀናት የያዘች፣ ለጠዋትና ለማታ የተከፈለች የመድኃኒት ሣጥን አለቻት። አንድ ረቡዕ ከፍቼ ሳያት የጠዋቶቹ ክፍሎች እስከ ዕለቱ ድረስ በሥርዓት ባዶ ናቸው። ከማታዎቹ ግን የሰኞው ክኒን እንዳለ ተቀምጧል፤ የሐሙሱ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ተወስዷል። ስለዚህ ችግሩ መድኃኒት መርሳት ብቻ አልነበረም፤ ማታ ማታ ቀኑ ራሱ ይደባለቅባታል። ከዚያ በኋላ ነው ሌላም ነገር ልብ ያልኩት። ስልክ ሲመጣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ለእኔ ማቀበል ጀምራለች። ገላ መታጠቡንም «ትናንት ታጥቤ የለም እንዴ» እያለች ታሳልፈዋለች። መታጠብ የጠላች መስሎኝ ነበር፤ የፈራችው ግን የገንዳውን ጠርዝ መሻገር ነው። የመያዣ ብረት ግድግዳው ላይ ሲተከልላትና ወንበር ሲገባላት ሙግቱ ግማሽ ለግማሽ ቀነሰ። (ስለ መጦሪያ ከማሰባችሁ በፊት ቤቱን ራሱን እንዲህ አብጁት። መያዣ ብረት፣ የማይንሸራተት ምንጣፍ፣ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ የሚበራ ትንሽ መብራት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ28 እስከ 35 በመቶ ያህሉ በየዓመቱ ይወድቃሉ።)

ሰዓት መቁጠር የእኔ ብቻ ፈሊጥ አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2000 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ስትጀምር የአመልካቹን ደረጃ የምትወስነው በደቂቃ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ለሰውየው በቀን ስንት ደቂቃ እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው ይገመታል፤ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ 110 ደቂቃና ከዚያ በላይ ነው። ጀርመንም ለረጅም ጊዜ በደቂቃ ነበር የምትቆጥረው። የመጀመሪያውን ደረጃ ለማግኘት በቀን ቢያንስ 90 ደቂቃ፣ ለሁለተኛው 3 ሰዓት፣ ለሦስተኛው 5 ሰዓት እርዳታ የሚያስፈልግ መሆን ነበረበት። ከዚያ በ2017 ጀርመኖች የደቂቃውን ቆጠራ ጣሉት። ሦስቱን ደረጃዎች አምስት አድርገው፣ ሰውየው በራሱ ምን ያህል መንቀሳቀስና መወሰን ይችላል ወደሚል መለኪያ ዞሩ።

ለምን ጣሉት? ደቂቃው የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ስለማያየው ነው። እግሩ ጠንካራ ነው፤ ራሱ ይለብሳል፣ ራሱ ይበላል። በደቂቃ ሲሰላ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ነገር ግን ምድጃ ለኩሶ ይወጣል፤ በእኩለ ሌሊት ኮቱን ደርቦ «ሥራ ረፈደብኝ» ብሎ በሩን ይከፍታል። እሱ የሚፈልገው እጅ ሳይሆን ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ በደቂቃ አይሰፈርም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ወረቀቴን በሁለት ቀለም እንደገና ጻፍኩት፤ በአንዱ ሰው እጁን የሚያበድርባቸው ሰዓቶች፣ በሌላው ሰው እዚያው ቤት ውስጥ መኖሩ ብቻ የሚበቃባቸው ሰዓቶች። የእማዬ እጅ የሚፈልገው ሰዓት ጠዋት ላይ ነው፤ እሱም አጭር ነው። ዓይን የሚፈልገው ግን ከምሽት ጀምሮ ሌሊቱን በሙሉ ነው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ግማሹን ሳምንት የሌሊት ፈረቃ እገባ ነበር።

የመኖሪያዎቹን ዓይነት መለየት ከዚህ በኋላ አያስቸግርም። እርዳታው በተወሰነ ሰዓት ላይ የተሰበሰበ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጠዋት ለመታጠብና ለመልበስ፣ ማታ ለመተኛት፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ረዳት ይበቃል፤ ሰውም ከገዛ አልጋው አይነሳም። ልጆች ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚገቡ ከሆነ የቀን መዋያ ማእከል አለ፤ አረጋዊው እዚያ ውሎ፣ ተጫውቶ፣ ምሳውን በልቶ ማታ ይመለሳል። ብዙ ቤተሰብ ይህን አማራጭ ሳያስበው ይዘለዋል፤ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ የዚህኛው መረሳት ነው። እርዳታው በቀኑና በሌሊቱ የተበታተነ፣ መቼ እንደሚያስፈልግም የማይታወቅ ሲሆን ግን ሰው ሁልጊዜ የሚገኝበት ቦታ ይፈለጋል። እገዛ ያለበት መኖሪያ የሚባለው እዚህ ላይ ይመጣል። አረጋዊው የራሱ ክፍል ወይም ትንሽ አፓርታማ ይኖረዋል፤ ምግብ፣ ጽዳትና እጥበት ከቤቱ ነው፤ ለመታጠብ፣ ለመልበስና መድኃኒት በሰዓቱ ለመውሰድ የሚያግዝ ሠራተኛ አለ። ነርስ ግን ሃያ አራት ሰዓት ላይኖር ይችላል። ቁስል በየዕለቱ የሚታሸግለት፣ በቱቦ የሚመገብ ወይም ከአልጋ ለመነሳት ሁለት ሰው የሚያስፈልገው ከሆነ ቦታው ነርሶች ያሉበት መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም የሚባለው ነው። ለመርሳት በሽታ ደግሞ ለብቻው የተዘጋጀ ክፍል ያላቸው ቤቶች አሉ።

ይህን የመጨረሻውን ሆላንዶች ከክፍል አልፈው መንደር አድርገውታል። በአምስተርዳም አቅራቢያ ቬስፕ በምትባል ከተማ በ2009 የተከፈተው፣ ሆግቬይክ የተባለው መንደር ጎዳና፣ አደባባይና ሱቅ አለው፤ ነዋሪዎቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በቤት ተከፋፍለው ይኖራሉ። የተቆለፈው የየሰው ክፍል በር ሳይሆን የመንደሩ መውጫ ነው፤ በውስጡ እንደ ልብ መዞር ይቻላል። እንዲህ ያለ ቦታ በየአገሩ አይገኝም፤ አንድን ቤት ስትጎበኙ ግን «መዞር የሚወድ ሰው እዚህ የት ድረስ መሄድ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ የትም ይቻላል።

ስያሜውን ብዙ አትመኑት። በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች ከ1987 ጀምሮ የነዋሪውን መብት የሚዘረዝር የፌዴራል ሕግ አላቸው፤ እገዛ ያለበትን መኖሪያ ግን እያንዳንዱ ግዛት በየራሱ ደንብ ነው የሚቆጣጠረው። በአንዱ ግዛት የሚፈቀደው በሌላው ላይፈቀድ ይችላል፤ በሌላ አገርማ ጭራሽ ስሙም ይለያል። በር ላይ የተጻፈውን ከማንበብ ይልቅ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ይሻላል።

የዚህ ዓይነቱ መኖሪያ አጀማመር ራሱ የሚወራ ታሪክ ነው። ኬረን ብራውን ዊልሰን ገና ወጣት ሳለች እናቷ ስትሮክ መቷት ዓመታቷን በነርሲንግ ሆም አሳለፈች። እናት ትፈልግ የነበረው ተራ ነገር ነው፤ የራሷ ክፍል፣ የምትቆልፈው በር፣ የራሷ ዕቃ። ልጅቱ አድጋ በ1983 በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ውስጥ ያንኑ የሚመስል ቤት ከፈተች። እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በሩን ከውስጥ ቆልፈው ይኖሩ ጀመር፤ ሠራተኛው አንኳኩቶ ይገባል። ያኔ ብዙዎች አደገኛ ነው ብለው ተቃወሟት። ሐሳቡ ከተስፋፋ በኋላ በስሙ የተሠራው ሁሉ ግን የእሷን አሳብ አልጠበቀም። ዛሬ እገዛ ያለበት መኖሪያ ተብሎ በሩ ከውስጥ የማይቆለፍ ቤት አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ለደህንነታቸው ነው» አሉኝ። ሠራተኛ በመለዋወጫ ቁልፍ ሊከፍት ሲችል በሩን ከነዋሪው መንሳት ለማን ደህንነት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ወደ ጉብኝቱ ልምጣ። ቀጠሮ የሚሰጣችሁ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ሁሉም ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ቁርሱን በልቶ የተቀመጠበት ሰዓት። ሄዳችሁ እዩት፤ ከዚያ በምሽት ሳትጠበቁ ተመለሱ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። እራት ላይ ተቀመጡ፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳህኑ ሳይነካ ሲቀር ሠራተኛዋ አጠገቡ ቁጭ ትላለች ወይስ ሳህኑን አንስታ ትሄዳለች? የጥሪ ደወል ሲጮኽ ሰዓታችሁን እዩ። የሌሊቱን ነገር ስትጠይቁ «ሁልጊዜ ሰው አለ» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ስንት ሰው፣ ለስንት ነዋሪ፣ ለስንት ፎቅ፣ ነቅቶ የሚያድር ነው ወይስ ተኝቶ ሲጠራ የሚነሳ? እነዚህን በቁጥር የማይመልስ ኃላፊ ካጋጠማችሁ መልሱን ሰምታችኋል ማለት ነው። ሠራተኞቹንም እዚያ ከሠሩ ምን ያህል ጊዜ እንደሆናቸው ጠይቋቸው። ሁሉም አዲስ ከሆነ የእናታችሁን ጉልበት የቱ እንደሚያማት የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

አንዱ ቤት ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ኃላፊዋ ጨዋ ሴት ናት፤ ቢሮዋ ንጹሕ ነው፤ ቅጹን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። «እናትዎ ገላቸውን ብቻቸውን ይታጠባሉ?» እማዬ በመካከላችን ተቀምጣለች። «ሽንታቸውን ይቆጣጠራሉ?» ልመልስ አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ። «ልጄ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ሽንቴም የእኔ ነው፤ እኔን ጠይቂኝ።» ኃላፊዋ ደነገጠችና ይቅርታ ጠየቀች፤ ቀጣዩን ጥያቄ ግን እንደገና ለእኔ አቀረበችው። ሌላው ቤት አሮጌ ነው፤ ኮሪደሩ ጠባብ፣ ቀለሙ የለቀቀ። እዚያ አንዲት ወጣት ተንከባካቢ የእማዬን የጫማ ክር ተፈትቶ አየች። ከማሰሯ በፊት ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ልሰረው ወይስ ራስዎ ያስሩታል?» አለቻት። እማዬ ጎንበስ ማለት አትችልም፤ ሁላችንም እናውቃለን። «እሰሪው እንግዲህ» አለች፤ አባባሏ ግን እንደ ፈቃድ ሰጪ ነበር። ስንወጣ ስለ ቀለሙ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ውሉ ላይ የምጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነው፦ እስከ መቼ ያቆዩአታል? ሁሉም ስለ መግቢያው ያስረዳል፤ የሚያስወጣው ምክንያት ከኋላ ገጽ በትንንሽ ፊደል ይቀመጣል። ለመነሳት ሁለት ሰው ካስፈለጋት? ሌሊት መውጣት ከጀመረች? ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት? አልጋ ላይ ከዋለች? ሆስፒታል ገብታ ከቆየች ክፍሉ ይጠበቅላታል ወይ፣ ስንት ቀን፣ ክፍያውስ እየቆጠረ ነው ወይ? ውጡ ከተባለ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል? ክፍያውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አንዳንዱ ቤት ሁሉን ባንድ ላይ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ መነሻ ክፍያ ነግሮ እያንዳንዱን እገዛ ለየብቻ ይጨምራል። ስለዚህ የዛሬውን ዋጋ ከመጠየቅ ጋር እገዛው ሁለት ደረጃ ቢጨምር ስንት እንደሚሆን ጽፈው እንዲሰጧችሁ አድርጉ። መድን ይሸፍነዋል ብላችሁም አትገምቱ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ሐኪም ቤትና ከሆስፒታል በኋላ ያለውን አጭር ሕክምና ይከፍላል እንጂ እገዛ ባለበት መኖሪያ የመኖርን ወጪ አይከፍልም፤ ይህን ሻንጣ ካዘጋጁ በኋላ የሚሰሙ ብዙ ናቸው።

ከውሉ ጋር የውክልናውን ጉዳይ ጨርሱት። ስለ ገንዘቧና ስለ ሕክምናዋ ማን እንዲወስንላት እንደምትፈልግ ራሷ አስባ የምትፈርምበት ጊዜ አሁን ነው። የመርሳት በሽታ ከገፋ በኋላ ፊርማው ፍርድ ቤት ያስኬዳል፤ ወንድምና እኅትም ያጣላል።

እማዬ ቀለሙ የለቀቀውን ቤት መረጠች። ወንድሜ ፎቶውን አይቶ «ይሄ?» ብሎ ጻፈልኝ፤ የሌሊቱን ፈረቃ ቁጥር ላኩለትና ዝም አለ። እሷ መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ ገብታ ልታየው ፈለገች። ብዙ ቤቶች እንዲህ ያለ የሙከራ ቆይታ ይፈቅዳሉ፤ የማይፈቅድ ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። በሙከራው ወቅት የቤቷን ዕቃ አልነካንም፣ ክፍሏንም ለሌላ አልሰጠንም። መመለሻ ከሌለው ሙከራ አይባልማ! ያላስደሰታት ነገር ነበር፤ መብራቱ በጊዜ ይጠፋል፣ ጎረቤቷ ቴሌቪዥኑን ታስጮኻለች። ሁለቱንም ራሷ ሄዳ ተናገረች። መብራቱ ተስተካከለ፤ ቴሌቪዥኑ እስካሁን ድርድር ላይ ነው።

መጨረሻ የተነጋገርነው ስለ ጥየቃ ነው፤ ይህንንም ያመጣው ያነበብኩት ነገር ነው። ሪቻርድ ሹልዝ የተባለ ተመራማሪ በ1976 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች መጦሪያ ያሉ አረጋውያንን እየሄዱ እንዲጠይቁ አድርጎ ነበር። አንዳንዶቹ አረጋውያን ጠያቂያቸው መቼ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚቆይ ራሳቸው ይወስናሉ፤ አንዳንዶቹ አይወስኑም ግን ቀኑ ቀድሞ ይነገራቸዋል፤ ሌሎቹን ጠያቂው ድንገት ይመጣባቸዋል። የወሰኑትም፣ ቀኑን የሚያውቁትም በጤናም በስሜትም ከሌሎቹ ተሽለው ተገኙ። ያሳሰበኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ጥናቱ አልቆ ተማሪዎቹ መምጣት ሲያቆሙ፣ በ1978 የወጣው ክትትል እንዳሳየው፣ ያሽቆለቆሉት እነዚያው ተሽለው የነበሩት ናቸው። በመጀመሪያው ሰሞን በየቀኑ እየተመላለሱ ከዚያ መጥፋት ከጅምሩ አልፎ አልፎ ከመሄድ የባሰ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ልንይዘው የምንችለውን ብቻ ቃል ገባን፤ ቀኑንና ሰዓቱን ግን እሷ እንድትወስን ተውንላት። ለእኔ ሐሙስ ከሰዓትን ሰጠችኝ፤ እሑድ የእሷ ነው፣ ጓደኛ አፍርታለች። ወንድሜ ማክሰኞ ማታ ከዜና በኋላ እንዲደውል ታዟል። ከዜና በፊት ከደወለ አታነሳም።